የቆሮሶ ጠብ፣ ቁስልና አያያዝ፦ ከሸዋ ሮቢት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በሰሜን ሸዋ ቀወት ወረዳ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ በመስኖ ቦይ የሚሞላ 15 በ20 ሜትር የሆነ የዓሣ ኩሬ አለኝ። መስከረም ላይ 600 የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩት ጨመርኩ፤ እስከ የካቲት ድረስ አንድም ችግር አላየሁም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ገበያው ስለደራ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ትልልቆቹን በመረብ እያወጣሁ መሸጥ ጀመርኩ። የጎደለውን ለመተካት ከጎረቤት ኩሬ 200 ቆሮሶና ክንድ የሚያህሉ 40 አምባዛዎች ገዝቼ ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ ጅራታቸው የተቀደደ፣ ከንፈራቸው የቆሰለ፣ ጎናቸው የተላጠ ዓሣዎች አያለሁ፤ በየማለዳውም ሁለት ሦስት ሞተው ይንሳፈፋሉ። አንዳንዶቹ ጉሮሯቸው አብጦ ምግብ አይነኩም። በሽታውን አጥባለሁ ብዬ በየሁለት ቀኑ የኩሬውን ግማሽ ውሃ እቀይራለሁ። ቴትራሳይክሊን ልበትንበት? ወይስ ዓሣ ድሮውንም እርስ በርሱ የሚናከስ እንስሳ ነው?»

ምላሽ፦

አስቸኳዩን ላስቀድም፤ ቴትራሳይክሊኑን አይበትኑ። የኩሬዎ ጥልቀት አንድ ሜትር ቢሆን እንኳ የያዘው ውሃ 300 ሺህ ሊትር ገደማ ነው፤ በዚህ ሁሉ ውሃ ላይ የሚበተን መድኃኒት ቀጥኖ ለዓሣው ሳይደርስ ከጭቃው ጋር ይጣበቃል፣ ቀሪው በመፋሰሻው ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄዳል። የሚተርፈው ነገር ቢኖር መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችና ለጾም ገበያ በሚያቀርቡት ሥጋ ውስጥ የሚቀር የመድኃኒት ርዝራዥ ነው። ከዚህም በላይ፣ ከገለጻዎ እንደምረዳው፣ ዓሣዎችዎን መጀመሪያ የጎዳቸው በሽታ አይደለም። መጀመሪያ የመጣው ጠብ ነው፤ ቁስሉን ያመጣው ጠቡ ነው፤ በሽታ ካለም የገባው በተከፈተው ቁስል በኩል ነው። መድኃኒት ቢሠራ እንኳ ነገ የሚናከሱትን ዓሣዎች ከመናከስ አያቆማቸውም።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን ስመልስ ደግሞ፣ አዎን፣ ቆሮሶ የሚጣላ እንስሳ ነው፤ ነገር ግን ከመስከረም እስከ የካቲት 600 ዓሣ በአንድ ኩሬ ሲኖር ያላዩትን ቁስል በመጋቢት ያዩት የዓሣው ተፈጥሮ ስለተለወጠ አይደለም። የተለወጠው አያያዙ ነው። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱ ከአያያዝ ከመጣ መፍትሔውም በእጅዎ ስለሆነ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ቀን ማለዳ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ጥላዎ ውሃው ላይ በማያርፍበት በኩል ተቀምጠው ለአንድ ሰዓት ዝም ብለው ኩሬውን ይመልከቱ። ጥልቀቱ ከጉልበት በማያልፍበት ዳርቻ ሰፌድ የሚያህሉ ክብ ጉድጓዶች ያገኛሉ። እነዚህን ጎጆዎች የሚቆፍረው ወንዱ ቆሮሶ ነው፤ ጭቃውን በአፉ እየዘገነ ወስዶ ጠርዝ ላይ ይተፋዋል፣ ጉድጓዱን ከጨረሰ በኋላ በላዩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። ሌላ ወንድ አልመለስ ካለው ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆሙና የጀርባ ክንፋቸውን አቁመው፣ በጅራታቸው ውሃውን እየመቱ አንዱ ሌላውን ይለካል። በዚህ ካልተሸናነፉ ይሽከረከራሉ፣ በመጨረሻም አፍ ለአፍ ተናክሰው እንደ ወይፈኖች ይገፋፋሉ። እርስዎ ያዩት የከንፈር ቁስል የዚህ ግጥሚያ ምልክት ነው። ተሸናፊው ወዲያው ይታወቃል፤ ሰውነቱ ይጠቁራል፣ የዓይኑ ነጩ ክፍል ሳይቀር ይጠቁራል፣ ክንፉን አጥፎ ወደ ውሃው ገጽ ወይም ወደ ጥግ ሸሽቶ ይቆማል። አሸናፊው እየተከተለ ጅራቱንና ጎኑን ይነክሰዋል፤ የተሰነጣጠቀው የጅራት ክንፍና የተላጠው ቅርፊት የሚመጣው ከዚህ ማሳደድ ነው።

ልብ ይበሉ፣ ይህ ጠብ ማብቂያ አለው። ማን ከማን እንደሚበልጥ ከታወቀ በኋላ ንክሻው ይቀርና በማስፈራራት ብቻ ነገሩ ይበርዳል፤ ድንበራቸውን እንዳካለሉ ባላገሮች ሁሉም በየቦታው ይረጋል። ኩሬዎ እስከ የካቲት ሰላም የሆነው ጫጩቶቹ አብረው አድገው ደረጃቸውን ቀስ በቀስ ስለተካፈሉ ነው። ከዚያ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተደረጉ ሦስት ነገሮች ይህን ስምምነት ደጋግመው አፍርሰውታል።

የመጀመሪያው ትልልቆቹን እየመረጡ ማውጣትዎ ነው። ትልልቆቹ ባብዛኛው ጎጆ የያዙት ወንዶች ናቸው፤ ከገበያ አንጻር ትክክለኛ ምርጫ ነው፣ ከኩሬው አንጻር ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ አለቃን መሻር ነው። አንድ ጉድጓድ ባዶ በሆነ ቁጥር ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ላይ የነበሩት ለቦታው ይጋጠማሉ፤ ገና ሳይለይላቸው መረቡ ተመልሶ ይመጣል። መረቡ ራሱም ያቆስላል። ተይዘው የተመለሱት ትንንሾች የሰውነታቸው ልጋግ ተገፎ፣ ቅርፊታቸው ረግፎ ይመለሳሉ፤ ያ ልጋግ የዓሣው የመጀመሪያ መከላከያ ስለሆነ የተገፈፈው ዓሣ ለባክቴሪያና ለፈንገስ በሩ ክፍት ነው።

ሁለተኛውና ዋነኛው የጎረቤትዎን 200 ቆሮሶዎች መጨመርዎ ነው። እንግዳ ዓሣ ባለቤት ወዳለው ኩሬ ሲገባ ከባዱ ጠብ የሚነሣው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ መጠናቸው እኩል ቢሆን እንኳ ቀድሞ የነበረው እንግዳውን የማሸነፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ አጣዬ አካባቢ ሁለት ኩሬ የነበራቸው አንድ ገበሬ አንዱን ለመጠገን ሲያደርቁ፣ የተረፉትን ዓሣዎች ወደ ሌላው እንዲጨምሩ የመከርኩት እኔ ነበርኩ። ቦታ አለ፣ ምግብ አለ፣ ምን ይሆናሉ ብዬ ነበር። በማግሥቱ ማለዳ ስንደርስ እንግዶቹ ሁሉ በአንድ ጥግ ተጠጋግተው፣ ጠቁረው፣ አፋቸውን ወደ ውሃው ገጽ አድርገው ቆመው አገኘናቸው፤ አንዱን በእጄ ሳነሣው የጅራት ክንፉ አጥንቶቹ ብቻ ቀርተው እንደ ተበጣጠሰ ማበጠሪያ ሆኗል። ገበሬው አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ዓሣ ቁጥር ከመጠየቄ በፊት ስለ ዓሣ ትውውቅ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛው የውሃ ቅያሪው ነው። ቆሮሶ ስለ ደረጃው የሚነጋገረው በመልክ ብቻ አይደለም፤ በሽንቱና በሰውነቱ ፈሳሽ አማካይነት ወደ ውሃው በሚለቀቁ ሽታዎችም ነው። በገንዳ ውስጥ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲቀየር ተረጋግተው የነበሩ ቆሮሶዎች ጠቡን እንደገና ሲጀምሩ ታይቷል፤ ሽታው ሲታጠብ ማን ማን እንደሆነ የሚለየው ነገር አብሮ ይጠፋልና። የአፈር ኩሬ ከገንዳ የሰፋ ስለሆነ ውጤቱ ያን ያህል ላይከፋ ይችላል፤ ሆኖም በየሁለት ቀኑ ግማሹን መቀየር ለጠቡ የሚጠቅመው አንድም ነገር የለም። በሮቢት ደግሞ ሌላ አደጋ ይጨምራል። የመስኖ ቦዩ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በማሾ ማሳዎች መካከል አልፎ ነው የሚመጣው፤ ለሽንኩርት ተባይ ከሚረጩት ፀረ ተባዮች መካከል የፓይሬትሮይድ ወገን የሆኑት እጅግ በትንሽ መጠን ዓሣን ይገድላሉ። አንድ ሰው የመርጫ ጀሪካኑን በቦዩ ቢያጥብና እርስዎ በዚያው ሰዓት ግማሽ ኩሬ ውሃ ቢያስገቡ፣ ያኔ የሚያዩት ሁለት ሦስት ሬሳ አይሆንም። ስለዚህ በትነትና በስርገት የጎደለውን ብቻ ይተኩ፤ ውሃ ከማስገባትዎ በፊትም ከላይ በኩል ማን እየረጨ እንደሆነ ይጠይቁ።

ብዙ ሰው «ተጨናንቀው ነው» ይላል፤ ለእርስዎም ሳይሉዎት አልቀረም። የእርስዎ ኩሬ 300 ካሬ ሜትር ነው፤ 600 ዓሣ ማለት በካሬ ሜትር ሁለት ማለት ነው፣ 200ዎቹ እንግዳ ቆሮሶዎችና አምባዛዎቹ ተጨምረው የሸጡት ባይቀነስ እንኳ ሦስት አይሞላም። የአየር መንፊያ ለሌለው የአፈር ኩሬ ይህ የተለመደ መጠን ነው። እንዲያውም የቆሮሶ ነገር ከምናስበው ተቃራኒ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ዓሣው ሲሳሳ እያንዳንዱ ወንድ ሰፊ ድንበር ለመያዝ ስለሚችል ማባረሩ ይበረታል፣ ሲበዛ ደግሞ ድንበር መያዝ ስለማይቻል ንክሻው ይቀንሳል። ይህን ስል ግን ዓሣ ይጨምሩ ማለቴ አይደለም፤ ዓሣው በበዛ ቁጥር የሌሊቱ ኦክስጅን ያልቃል፣ ጭንቀቱም በሌላ በኩል ይመጣል። ለማለት የፈለግሁት ቁጥር ቀንሶ ሰላም አመጣለሁ ብሎ መሸጥ ጠቡን ሊያባብሰው እንደሚችል ነው።

አሁን ስለ አምባዛዎቹ። በቆሮሶ ኩሬ ጥቂት አምባዛ ማስገባት መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ ቆሮሶ ያለ ልክ ስለሚራባ አምባዛው አዲስ የተፈለፈሉትን እየበላ ኩሬው በጫጩት እንዳይሞላ ይከላከላል። ደንቡ ግን አምባዛው ሲገባ ከቆሮሶው ማነስ አለበት የሚል ነው። ክንድ የሚያህል አምባዛ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል፤ አፉ ያልቻለውንም በጨለማ ይነክሳል። የእርሱ ንክሻ ከቆሮሶ ንክሻ ይለያል፤ ጥርሱ እንደ ሞረድ ጥቃቅንና የተጠጋጋ ስለሆነ በጎን ወይም በጅራት ሥር ግማሽ ጨረቃ የሚመስል የተፋቀ ቁስል ይተዋል፣ አንዳንዴም ጅራቱ ከሥሩ ይጎድላል። ሌሊት የሚሞቱት ትንንሾች ከሆኑና ቁጥራቸውም ከሚያገኙት ሬሳ በላይ እየጎደለ ከመሰለዎት ተጠርጣሪው አምባዛው ነው። አምባዛ በአምባዛም ላይ እንዲሁ ነው፤ በተለይ በጫጩትነቱ ወንድሙን ከጅራቱ ጀምሮ ይውጣል፤ ስለዚህ አምባዛ ብቻውን የሚያረባ ሰው በየሁለት ሦስት ሳምንቱ በመጠን እየለየ ካላስቀመጣቸው ከሺህ ጫጩት ጥቂት ግዙፎች ይዞ ይቀራል።

«ጉሮሯቸው አብጦ አይበሉም» ያሏቸውን ግን እባክዎ አይንኳቸው፤ ታመው አይደለም። እናቶች ናቸው። የቆሮሶ ሴት እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ሰብስባ ትይዛለች፤ እስኪፈለፈሉና መዋኘት እስኪችሉ ድረስ፣ ባብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ምግብ ሳትቀምስ ትሸከማቸዋለች። መንጋጋዋ ሥር ያለው እብጠት የእንቁላሉ ከረጢት ነው፤ ቀስ ብለው ቢመለከቷት እንቁላሉን እያገላበጠች ስታላምጥ የምትመስልበትን እንቅስቃሴ ያያሉ። በመረብ ከተያዘች ደንግጣ ትተፋቸዋለች። ለዚህ ነው በዚህ ሰሞን መረብ መጎተት በእጥፍ የሚጎዳው።

ጠብ ብቻ መሆኑን ለማረጋገጥ ከሞቱትና ከቆሰሉት አሥር ያህሉን አውጥተው በብርሃን ይዩ። ከንፈር፣ የጅራት ጫፍና ጎን ላይ ያለ፣ ከዓሣ ዓሣ የሚለያይ ቁስል የንክሻ ነው። ብዙ ዓሣዎች ላይ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት መልኩ የረገፈ ቅርፊትና የቀላ ቆዳ የመረብ ነው። ጀርባ ላይ ጥልቅ ብሎ የተወጋ ወይም ትይዩ ሆኖ የተጫረ ከሆነ ወፍ ነው። በቁስሉ ላይ የተነፋ ጥጥ የመሰለ ነገር ከበቀለ ፈንገስ ገብቶበታል፤ ጀርባው ላይ እንደ ኮርቻ የተንጣለለ ግራጫ ነጠብጣብ፣ ወይም ጠርዙ የቀላ እየሰፋ የሚሄድ ቁስል ካለ ደግሞ ባክቴሪያ ነው። ቁስል ሳይኖራቸው ሁሉም ጎህ ሲቀድ ላይ ላዩን አየር የሚጎነጩ ከሆነ ኦክስጅን አንሷል። ትልቅ ትንሽ ሳይል በአንድ ጠዋት ካለቁ መርዝ ያስቡ።

ወደሚደረገው ልምጣ። መረቡን ለሁለት ሳምንት ይስቀሉ። ገበያው እንደሚያስቸግርዎ ይገባኛል፤ ጾሙ የዓሣ ሻጭ መኸር ነው፤ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን በማለዳ አንድ ጊዜ ጎትተው የሚሸጡትን ሁሉ አውጥተው፣ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ መረብ በተሰፋና እዚያው ኩሬ ውስጥ በአራት ቋሚ በተወጠረ ሳጥን ቢያቆዩአቸው፣ ከሳጥኑ እየቀነሱ መሸጥ ይችላሉ፤ ኩሬው በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ አይረበሽም። ሳጥኑ ውስጥ ዓሣው ጠበብ ብሎ ስለሚቀመጥ ድንበር አይይዝም፤ ሆኖም ከጥቂት ቀናት በላይ አያቆዩት።

አምባዛዎቹን ያውጡ። ሙሉ ኩሬ ውስጥ በመረብ አይያዙም፣ ጭቃ ውስጥ ይገባሉ፤ ትል ወይም የሆድ ዕቃ ማባበያ የተደረገበት፣ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የሌለው የሽቦ ወይም የቀርከሃ ወጥመድ ማታ አስቀምጠው ማለዳ ቢያነሡ በጥቂት ሌሊት አብዛኞቹን ያገኛሉ። ወጥመዱን ከፊሉ ከውሃው በላይ እንዲሆን ያድርጉት፤ አምባዛ ከአየርም ስለሚተነፍስ ጨርሶ ከሰጠመ ሊታፈን ይችላል።

የቆሰሉትንና የጠቆሩትን በእጅ መረብ ቀስ ብለው ይለዩ። ባለ 100 ሊትር በርሜል የኩሬውን ውሃ ሞልተው አንድ ኪሎ ተራ የምግብ ጨው ይሟሙበት፤ በሊትር አሥር ግራም ማለት ነው። ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆዩአቸው፤ አጠገባቸው ሆነው ይጠብቁ፣ ሚዛን ስቶ የተገለበጠ ካለ ጊዜው ሳይደርስም ወዲያው ያውጡት። ጨው የሚጠቅመው ሁለት ነገር ነው፤ ላዩ ላይ ያሉ ጥገኞችንና ፈንገስን ያዳክማል፣ የተከፈተው ቁስል የሚያፈሰውን የሰውነት ጨው ደግሞ ለጊዜው ያካክሳል። ጨው ኩሬው ውስጥ አይጨምሩ፤ ለዚያ ሁሉ ውሃ ኩንታሎች ይጠይቃል፣ አፈሩንም ያበላሻል። የታከሙትን ወደ ጠቡ ከመመለስ ይልቅ በሌላ የመረብ ሳጥን ለብቻቸው ያሳርፉ። ንጹሕ የጅራት ክንፍ ቁስል ውሃው ሞቅ ያለ ከሆነ ራሱን ችሎ ያድጋል፤ ይህን ስመለከት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ስለ አመጋገቡ አልጻፉልኝም፤ ነገር ግን በአካባቢያችን ብዙ ሰው ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅሎ ማታ አንድ ጊዜ አንድ ጥግ ላይ ይደፋል። ይህ ከሆነ ጠቡን በእጅዎ እየመገቡት ነው። ጥጉን ጥቂት ኃያላን ይይዙታል፣ የቀሩት ይራባሉ፣ በሳምንታት ውስጥ የመጠን ልዩነቱ ይሰፋል፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ደግሞ ትንሹን መንከስ ይቀላል። ለምሳሌ 600 ዓሣ በአማካይ 120 ግራም ቢመዝኑ ጠቅላላው 72 ኪሎ ነው፤ የዚህ ሦስት ከመቶ ሁለት ኪሎ ከ160 ግራም ገደማ ይሆናል። ይህን በሦስት ከፍለው፣ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ጀምረው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሳያልፍ፣ በሦስት የኩሬው ዳርቻዎች እህል እንደሚዘራ አድርገው ይበትኑ። የማታውን መመገብ የምከለክለው ምግብ የሚፈጭ ዓሣ ሌሊት፣ ውሃው ኦክስጅን በሚያንሰው ሰዓት፣ የበለጠ ስለሚተነፍስ ነው።

ለመሸሸጊያ የቀርከሃ ቁርጥራጭ ወይም የደረቀ ቅርንጫፍ በአንድ በኩል ቢተክሉ፣ ተሳዳጁ ከአሳዳጁ ዓይን የሚሰወርበት ቦታ ያገኛል፤ ወፉንም ያግዳል። የባሕር ዛፍ እርጥብ ቅጠልና ቅርንጫፍ ግን አያስገቡ፤ የሚወጣው ዘይትና ታኒን ዓሣውን ይጎዳል። ኩሬውን በሚጠግኑበት ጊዜ ደግሞ ዳርቻውን ቆፍረው ጥልቀቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ቢያደርጉ ለጎጆ የሚመች ጥልቀት የሌለው ቦታ ይቀንሳል፣ በጎጆ የሚነሣውም ጠብ ይቀንሳል።

ለሚቀጥለው ዙር አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ኩሬውን በአንድ ቀን፣ በአንድ መጠን፣ ከአንድ ቦታ በመጣ ጫጩት ይሙሉት፤ የጎደለ ቢኖር ሳይተኩ ይጨርሱት። መቀላቀል ግድ ከሆነ ኩሬው ደርቆ እንደገና ሲሞላ ነባሩንም እንግዳውንም በአንድ ላይ ወደ ማታ ያስገቡ፤ ያኔ ለማንም ቤቱ አይሆንም። ጫጩቱን ከሰበታው የምርምር ማዕከል የሚያስመጡ ከሆነ መንገዱን ያስቡበት። ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ ሮቢት ቆላ የሚወርድ የፕላስቲክ ከረጢት በአንድ ቀን ብርድንም ሙቀትንም ያያል፤ ከረጢቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው ያምጡት፣ ሲደርሱም ሳይፈቱ 20 ደቂቃ ያህል ኩሬው ላይ ያንሳፍፉት፣ ከዚያ የኩሬውን ውሃ ቀስ በቀስ ጨምረውበት ራሳቸው ዋኝተው እንዲወጡ ያድርጉ።

ወንድ ብቻ ማርባት ጠብን ያጠፋል የሚሉ አሉ፤ በዚህ አልስማማም። ወንዶች ቶሎ ስለሚያድጉና መራባቱ ስለሚቀር ለትርፍ ጥሩ ነው፤ ወንዶች ብቻቸውን ሲሆኑም ግን ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ይጣላሉ። የሚወገደው ሴቶቹ ላይ የሚደርሰው መዋከብ ብቻ ነው፤ ይህም ራሱ ቀላል አይደለም። መለየት ከፈለጉ ዓሣው 30 ግራም ገደማ ሲደርስ ከሆዱ ሥር፣ ከኋላኛው ክንፍ ፊት ያለውን ብልት ይዩ፤ ፊንጢጣው ተቆጥሮ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሴቷ ሦስት። ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ሐምራዊውን ጂ.ቪ. አንድ ጠብታ ቢያስነኩት ቀዳዳዎቹ ጎልተው ይታያሉ።

«ዓሣ ምን ሕመም ያውቃል» ለሚሉዎት ጎረቤቶች አንድ ነገር ላክል። እ.ኤ.አ. በ2003 በስኮትላንድ ተመራማሪዎች በሬይንቦ ትራውት ዓሣ ራስና ፊት ላይ ሕመምን የሚቀበሉ ነርቮች መኖራቸውን አሳይተዋል። ከንፈራቸው ላይ የንብ መርዝ ወይም አሲድ የተወጉት ዓሣዎች ከወዲያ ወዲህ ይወዛወዙ ነበር፣ አሲድ የተወጉት ከንፈራቸውን በጠጠሩ ላይ ያሹ ነበር፣ ወደ ምግብ ለመመለስም ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀባቸው፤ ያልተጎዱት ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ይመገቡ ነበር። የእርስዎ ከንፈሩ የቆሰለ ቆሮሶ ምግብ አልነካ የሚለው ግትር ሆኖ አይደለም። ጥግ ላይ ጠቁሮ የቆመውም በሰውነቱ ውስጥ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ከፍ ብሎ እድገቱን ይገታል፣ በሽታ የመከላከል አቅሙን ያደክማል። ስለዚህ እርሱን ማዳን ርኅራኄም ኪሎም ነው። ለሽያጭ የሚያወጡትንም አሸዋ ላይ እየተንፈራገጠ እስኪሞት አይተዉት፤ ከዓይኑ ከፍ ብሎ አናቱን በእንጨት አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው መትተው ወዲያው ስንጥቡን ይቁረጡ።

ከዛሬ ጀምሮ የየማለዳውን ሬሳ ቁጥርና የቁስሉን ቦታ በደብተር ይመዝግቡ። መረቡ ቆሞ፣ አምባዛው ወጥቶ፣ ምግቡ ተዘርቶ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ሬሳው ካልቀነሰ፣ ወይም ማሳደዱ ቀርቶ ቁስሉ ግን እየሰፋና ጠርዙ እየቀላ ከሄደ፣ ጠቡ ያመጣው በሽታ ራሱን ችሏል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በወረዳው የእንስሳት ሐኪም በኩል ለላቦራቶሪ ይላኩ። የሚልኩት ግን ሞቶ ተንሳፍፎ ያገኙትን አይሁን፤ የሞተ ዓሣ በሮቢት ሙቀት በሰዓታት ውስጥ ስለሚበሰብስ ምርመራው የሚያገኘው ከሞት በኋላ የገባውን ባክቴሪያ ነው። ገና በሕይወት ያሉ፣ አዲስ ቁስል የያዙ ሦስት አራት ዓሣዎችን በግማሽ ውሃና በግማሽ አየር በተሞላ ጠንካራ ፕላስቲክ አድርገው፣ ከእነርሱም ጋር ደብተርዎን ይላኩ።